በጠራራ ፀሐይ የምትበርረው የእሳት ራት



የእሳት ራት ሲባል ሁላችንም የምናስታውሰው ማታ ማታ ኩራዝና አምፖል የሚዞረውን ነው። በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ግን ከዚህ ልማድ የወጣች ዝርያ አለች። እርሷ የምትበርረው በጠራራ ፀሐይ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ግድም ነው። «ጎልደን ሰን ሞዝ» ይሏታል፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሲኒሞን ፕላና ነው።

በመጀመሪያ ትል ሆና ከመሬት በታች የሣር ሥር እየበላች ከአንድ ዓመት በላይ፣ ምናልባትም እስከ ሦስት ዓመት ትቆያለች። ክንፍ አውጥታ ስትወጣ ግን ምግብ የምትወስድበት አፍ የላትም። ባጠራቀመችው ስንቅ ለጥቂት ቀናት ኖራ ትሞታለች። ሴቷ መብረር ብዙም አይሆንላትም፤ መሬት ላይ ተቀምጣ ብርቱካንማ የኋላ ክንፎቿን ገልጣ ወንዱን ትጠራለች። ወንዱም ቢሆን ከሣሩ ሜዳ ከ100 ሜትር በላይ አይርቅም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የምትኖርበት ደረቅ ሣር ሜዳ ቀድሞ በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በካንቤራ አካባቢና በቪክቶሪያ ተንጣሎ ይገኝ ነበር። የአውሮፓ ሰፋሪዎች ከገቡ ወዲህ ግን ታረሰ፤ ማዳበሪያ ተበተነበት፤ ከተማ ተሠራበት። ዛሬ በደህና ይዞታ የቀረው ከመቶ አንድ እጅ እንደማይሞላ ይገመታል። የተረፈውም ተበጣጥሷል። በሁለት ሜዳዎች መካከል ሠፈር ከገባ የአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው አትሻገርም። ከአንዱ ካለቀች ተመልሳ የምትመጣበት መንገድ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2002 የአውስትራሊያ መንግሥት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ መዘገባት። ከዚያ ወዲህ በተደረገ ፍለጋ ቀድሞ ያልታወቁ ብዙ መኖሪያዎቿ ስለተገኙ፣ በ2021 የአደጋዋ ደረጃ ዝቅ ተደርጓል።

ሜዳውን አጥሮ መተው ብቻ ግን አይበቃም። የምትሻው አጭርና ሳሳ ያለ፣ በመካከሉ አፈር የሚታይበት ሣር ነው። በልክ ካልታጨደ ወይም ካልተጋጠ ሣሩ ይውጣታል፤ ከታረሰም ሥሩ ይጠፋል።

ልጆች፣ እስቲ አስቡት። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ካሉት ሞቃት ቀናት በቀር ሜዳውን የጎበኘ ሰው አንዲትም የእሳት ራት አያይም፤ ሁሉም ከመሬት በታች ናቸውና። «ባዶ መሬት ነው» ብሎ ቢፈርም ግን ያ ፊርማ የሦስት ዓመት ትውልድ ያጠፋል። ቆጣሪዎቹ ወሩንና ሰዓቱን ጠብቀው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

እናንተስ በቤታችሁ አጠገብ ያለውን ሣር በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት አይታችሁታል? በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።