ዘፈኑ ተወዶ ዘፋኙ ሲናቅ

በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚናገረው የፓሽቶ ቋንቋ ዘፈን በዛሬው ጊዜ ከተራራው ወጥቶ ዓለምን በመዞር ላይ ይገኛል፡፡ ቀድሞ በካቡልና በፔሻዋር ሬዲዮ፣ ኋላም በካሴት ይሰማ የነበረው ዜማ አሁን በዩቲዩብና በእጅ ስልክ አማካይነት በየቤቱ ገብቷል፡፡ «ላርሻ ፔኻወር» የተባለው የታወቀ የሕዝብ ዘፈን በ2012 (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኮክ ስቱዲዮ በተሰኘው የፓኪስታን የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲቀርብ፣ ፓሽቶን ለማያውቁ ብዙ አድማጮች ጭምር ደርሷል፡፡

ይህ መስፋፋት የሚያስደስት ነው፤ ይልቁንም ዘፈኑ ያለፈበትን መከራ ለሚያስታውስ ሰው፡፡ ታሊባኖች ከ1996 እስከ 2001 በገዙበት ዘመን ሙዚቃን ከልክለው ነበር፡፡ በ2021 ተመልሰው ሥልጣን ከያዙ ወዲህም ክልከላውን አድሰው፣ በ2023 የሙዚቃ መሣሪያዎችን ሰብስበው በእሳት አቃጥለዋል፡፡ በፓኪስታንም በኩል በ2002 ፔሻዋር ዋና ከተማው የሆነውን ክፍለ ሀገር ያስተዳድሩ ዘንድ የተመረጡት የሃይማኖት ፓርቲዎች በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ሙዚቃ እንዳይሰማ አግደው ነበር፡፡

አንዳንድ ሰዎች «ዘፈኑ ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲያ ማን ሊያጠፋው ይችላል?» ይሉ ይሆናል፡፡ እውነት ነው፤ የተቀረጸ ድምፅ በአዋጅ አይጠፋም፡፡ ነገር ግን የተቀረጸ ድምፅና ሕያው ሙያ አንድ አይደሉም እንላለን፡፡ ጋዛላ ጃቬድ የተባለችው ተወዳጅ ዘፋኝ በ2012 ፔሻዋር ውስጥ በጥይት ተገደለች፤ ዘፈኗ ዛሬም ይሰማል፤ እርሷ ግን የለችም፡፡ ረባብ የተባለው ባለ ክር መሣሪያም ከመምህር ሥር ተቀምጠው የሚማሩት ነው፡፡ ዩኔስኮ በ2024 የረባብን አሠራርና አጨዋወት በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ ሆኖም ተማሪው በግልጽ ወደ መምህሩ መሄድ ካልቻለ መዝገብ ብቻውን ጣት አያለማምድም፡፡

ከክልከላው ሌላ ደግሞ ንቀት አለ፡፡ በሠርጉ ሌሊት ያጨበጨበለትን ሙዚቀኛ ሲነጋ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው በዚያ አገር ጥቂት አይደለም፡፡ ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይሆንብንም፤ በአገራችን «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ለስድብ ውሏል!

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው፤ የፓሽቶ ዘፈን በእውነት አደገ የምንለው ዘፋኟ ሳትፈራ ስትዘፍን፣ ተማሪውም ረባቡን ሳይደብቅ ተሸክሞ በመንገድ ሲሄድ ነው፡፡ ዘፈኑን የወደደ ሁሉ ዘፋኙን ያክብር፡፡