«እንደ ድሮሽ ነሽ» ስለሚሉኝ ሰዎች

የጡት ነቀርሳ ይዞኝ ስታከም ቆይቼ የመጨረሻውን ጨረር ተቀብዬ ወደ ቤቴ የተመለስሁ ዕለት ጎረቤቶቼ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። «እንኳን አተረፈሽ፤ ከእንግዲህ ወዲያ እንደ ድሮሽ ነሽ» አሉኝ። እኔም አሜን አልሁ። ዛሬ ግን ይህን «እንደ ድሮሽ» የሚሉትን ቃል ልከራከረው እወዳለሁ፤ ስድብ ቢሆን ኖሮ መመለሱ በቀለለኝ ነበር።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበርና፥ በሰው አሳብ ሕክምና ማለት መንገድ ሆኖ ቀረ፤ የተመለሰ ሁሉ ጨርሶ የተመለሰ ይመስላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቢላዋው፥ በደም ሥር የሚገባው ብርቱ መድኃኒትና ጨረሩ ነቀርሳውን ሲያሳድዱ ደኅናውንም አካል ይጎዳሉ። ተኝተው የማይለቅ ድካም ለወራት፥ አንዳንዱንም ሰው ለዓመታት ይከተለዋል። የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፤ ክር በመርፌ ማስገባት እንኳ ሥራ ይሆናል። ነቀርሳው በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት የሆነባት ሴት ደግሞ ታሞክሲፌን የሚባለውን ኪኒን በየቀኑ 5 ዓመት፥ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት እንድትውጥ ትታዘዛለች። ታዲያ ይህች ሴት በምን ሒሳብ ነው ጨረሰች የምትባለው?

ከሁሉ የሚከፋኝ የክንዴ ነገር ነው። በብብት ሥር ያሉት ንፍፊቶች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ውኃ መውረጃ ያጣና ክንድ ሊያብጥ ይችላል፤ እብጠቱም ከዓመታት በኋላ እንኳ ሊመጣ ይችላል። ቧንቧው ጠፍቶ በመጣ ቀን ባበጠ ክንዴ 20 ሊትሩን ጀሪካን አላነሣም ብል፥ «ድና ሳለች መታመም ለመደባት» ተባለ። ይህን ያለችው የባሌ እኅት ናት፤ ተኝቼ ሳለሁ ሦስት ወር ሙሉ ሾርባ ያመላለሰችልኝም እርስዋው ናት! ክፉ ሴት አይደለችም። አልጋ ላይ ላለ ሰው መራራት ታውቃለች፤ ቆሞ ለሚሄድ ሰው መራራት ግን ማንም አላስተማራትም።

ሌሎች ደግሞ ስኒዬን ለብቻው ያጥባሉ፥ ልጃቸውንም ከጭኔ ላይ ያነሣሉ። ነቀርሳ በስኒ አይተላለፍም፤ በመሣሪያ ከውጭ የሚሰጠው ጨረርም መሣሪያው ሲጠፋ ያበቃል እንጂ ገላ ውስጥ ተቀምጦ ሕፃን አይጎዳም። ይህን ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ባታውቅ አልፈርድባትም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ጎልማሳ ግን ስሙን መጥራት ፈርቶ «ያ በሽታ» እያለ ወንበሩን ሲያርቅ አይቻለሁ።

«ባታወሪው ይሻልሻል፤ ማውራት ያስታውሳል» የሚሉኝም አሉ። ሳላስታውሰው የማድርበት ሌሊት ያለ ይመስላቸዋልን? የክትትል ቀጠሮዬ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ ይሸሸኛል፤ ወገቤን ቢያመኝ ብርድ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህን ስናገር «እግዚአብሔርን አታማሪ» ይሉኛል። እኔ ያልሁት ወገቤን አመመኝ ነው።

እናንተ ወጣቶች፥ እናታችሁ ወይም መምህራችሁ ከሕክምና ስትመለስ «ዳንሽ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የዚህ ጥያቄ መልስ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው፤ ሌላ መልስ ብትሰጥ እንደምታሳዝናችሁ ታውቃለች።

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ፥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፥ በራፌ ላይ ከጀሪካኑ ጋር ቆሜ አገኘኝ። «እትዬ፥ የትኛው ክንድዎ ነው?» አለኝ።

«ግራው» አልሁት።

ጀሪካኑን አንሥቶ ገባ።