በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ ሶፍትዌር በሕዝብ እጅ ይሁን!

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና እስከ ቀራኒዮ፣ ነዋሪው ለፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገብ የጣት አሻራውንና የዓይኑን ምስል ይሰጣል። ይህን መረጃ መዝግቦ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ነው። እንግዲህ ሶፍትዌሩን የሚያዝበት ማን ነው? ይህ ጥያቄ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ሳይሆን የሠራተኛውና የዕድርተኛው ጥያቄ ጭምር ነው።

እንደሚታወቀው፣ ዝግ ሶፍትዌር የሚገዛ መሥሪያ ቤት የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ውስጡን ማየትም ሆነ ማረም አይችልም፤ ሻጩ ዋጋ ሲጨምር ከመክፈል በቀር አማራጭ ያጣል። ሁኔታው ወፍጮውን መውቀር ከተከለከለ ባለወፍጮ አይለይም። በአንጻሩ ኦፕን ሶርስ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ኮዱን ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያባዛው የተፈቀደ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ በዓለም ቀዳሚ የሆኑትን 500 ኃያላን ኮምፒዩተሮች በሙሉ ለማንቀሳቀስ በቅቷል።

አገራችንም በዚህ ጎዳና ተራምዳለች። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ዲጂታል መታወቂያ የተገነባው፣ በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚያሰባስብበት ዲኤችአይኤስ 2ም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ኮዱ ክፍት ነው ማለት ግን የነዋሪው መረጃ ክፍት ነው ማለት አይደለም። የቁልፍ አሠራር በአደባባይ ቢታወቅም የየቤቱ መክፈቻ በባለቤቱ ኪስ ነው።

ይሁን እንጂ ምርጫው ትክክለኛ መሆኑ ብቻውን ራስን መቻልን አያስገኝም። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ ለመሸጋገር ወስና ከ10 ሺህ በላይ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችን ከለወጠች በኋላ፣ በ2017 ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። ከዚህ የምንማረው፣ ጽኑ አቋምና ብቁ የሰው ኃይል የሌለው ፖሊሲ ተመልሶ ሊቀለበስ እንደሚችል ነው። ኮዱን አንብቦ የሚያርም የራሳችን ባለሙያ ከሌለ፣ ጥገኝነት ልብሱን ይለውጣል እንጂ አይወገድም።

በመሆኑም የመንግሥት ግዥ ፖሊሲ ሦስት ነገሮችን ግዴታ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ብቃቱ ተመጣጣኝ እስከሆነ ድረስ በጨረታ ለክፍት ሶፍትዌር ቅድሚያ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚጻፍ ኮድና የሚሰበሰብ መረጃ በሻጩ እጅ እንዳይቀር በውል ይስፈር። ሦስተኛ፣ ከፈቃድ ክፍያ የሚተርፈው ገንዘብ ለወጣት ባለሙያዎቻችን ሥልጠና ይዋል።

የኮልፌ ነዋሪም በየወረዳው ስብሰባ ስለ መንገድና ስለ ውኃ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ስሙና አሻራው የተቀመጠበትን ሥርዓት ማን እንደሚጠግነው ይጠይቅ። ጠያቂ ያለው ንብረት አይባክንም!

ክፍት ኮድ፣ የሠለጠነ እጅ፣ ራሷን የቻለች አገር!