የጨቅላ አንጀት የራሱ ቀጠሮ አለው

በሜልበርን ምዕራባዊ ክፍል፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በፉትስክሬይና በአካባቢው፣ ልጅ የተወለደበት ቤት ወዲያው ይለያል። የገንፎው ሽታ ከበር ይቀበላል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሉ ጠያቂዎች ይፈራረቃሉ። ልጃቸውን ለማረስ ከአገር ቤት የመጡ አያት ጓዳውን ይዘዋል። በእነዚሁ ቀናት የቪክቶሪያ ግዛት የእናቶችና ሕፃናት ጤና አገልግሎት ነርስ ሕፃኑን ልትመዝን ቤት ድረስ ትመጣለች። ሁለቱም ለሕፃኑ የሚመኙት አንድ ነገር ነው። በአንድ ጉዳይ ግን ሊለያዩ ይችላሉ። አያት አንጀቱን ያለሰልስለት ዘንድ ጥቂት ለጋ ቅቤ ሊያቀምሱት ይሻሉ፤ ነርሷ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይቅመስ ትላለች።

ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የባህልና የዘመናዊነት ግጭት ተደርጎ ይታያል። በእውነቱ ግን ጥያቄው የጊዜ ነው። የሕፃን አንጀት የአዋቂ ሰው አንጀት ትንሽ ቅጂ አይደለም። በመጀመሪያ ለአንድ ምግብ ብቻ ተዘጋጅቶ ይወለዳል፤ ለሌላው የሚዘጋጀው ቀስ በቀስ ነው።

ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን የወተትን ስኳር የሚፈጨውን ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም በበቂ መጠን ይዞ ይመጣል። እህል ውስጥ ያለውን ስታርች የሚፈጨው አሚሌዝ ግን ከቆሽቱ የሚመነጨው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ የሚጨምረውም በወራት ሂደት ነው። ስብን የሚያዋህደው ሐሞትና የቆሽት ኢንዛይምም ገና አልጠነከሩም። የእናት ወተት ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ስቡን የሚፈጭለትን ኢንዛይም አብሮ ይዞ ይገባልና። ቅቤ ግን ስቡን እንጂ መፍጫውን ይዞ አይመጣም።

በብዙ አካባቢ ቢጫ ነው፣ ቆሽሿል ተብሎ ታልቦ የሚደፋው እንገርም የዚሁ ዝግጅት አካል ነው። መጠኑ በመጀመሪያው ቀን በማንኪያ የሚለካ ቢሆንም፣ ከበሽታ የሚከላከሉ ፕሮቲኖች በብዛት የሚገኙት በእርሱ ውስጥ ነው። የአንጀቱን ግድግዳ እንደ ዘበኛ ይጠብቃሉ። ወተቱ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጫቸው የማይችላቸው የስኳር ዓይነቶችም አሉት፤ እነዚህ የሚመግቡት በአንጀቱ የሚሰፍሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው። እንገር መጣሉ ይበልጥ የሚያስገርመው አርሶ አደሩ በከብቱ በረት የዚህን ተቃራኒ ስለሚያደርግ ነው። ላም ስትወልድ ጥጃው እንገሩን መጥባቱን ያረጋግጣል፤ ያልጠባ ጥጃ እንደማይጠነክር ያውቃል። ለጥጃ የታወቀ ጥበብ ለሰው ልጅ ሊነፈግ አይገባም።

«ይህ አውስትራሊያ ነው፤ ውኃውም ቅቤውም ንጹሕ ነው» የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። ንጽሕና ግን የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። ማርን ማየት ይበቃል፤ ከታመነ ቀፎ የተቆረጠ ማር እንኳ ቦቱሊዝም የተባለውን መርዘኛ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል። የአዋቂ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፤ ዓመት ባልሞላው ሕፃን አንጀት ግን ሊበቅል ይችላል። የተለወጠው ማሩ ሳይሆን የተቀበለው አንጀት ነው።

የዚህ አንጀት ግድግዳ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ሜልበርን ራሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1973 ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው በሮያል ችልድረንስ ሆስፒታል ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት አንጀት የተወሰደ ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ በኋላ ሮታቫይረስ የተባለውን ተሕዋስ አገኙ። ቫይረሱ የሚያጠፋው ምግብ የሚፈጩትንና የሚመጡትን የአንጀት ገጽ ሕዋሳት ነው። ከዚያ ግኝት የተነሡት ክትባቶች የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፈዋል፤ ኢትዮጵያም ክትባቱን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ትሰጣለች። ውኃው ንጹሕ ባልሆነበት መንደር ደግሞ በሕፃን አፍ የሚገባ አንድ ማንኪያ ውኃ ለእንዲህ ያለው ተሕዋስ በር ሊከፍት ይችላል።

ይሁን እንጂ ቀጠሮ የሚፈርሰው ቀድሞ በመምጣት ብቻ አይደለም፤ በመዘግየትም ይፈርሳል። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ አንጀቱ ሌላ ምግብ ለመቀበል ይደርሳል፤ በማሕፀን ሳለ ያከማቸው ብረትም ይመናመናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው ስድስት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት 58 በመቶው የእናት ጡት ብቻ ይጠባሉ። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት መካከል ግን ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛ የአመጋገብ መለኪያ ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ለዚህ የኑሮ ድህነት ትልቁን ድርሻ ይይዛል። «እንቁላል ለሕፃን ይከብዳል» የሚለው ፍርሃትና ቤቱ ሲጾም ሕፃኑም አብሮ መጾሙ ግን ከድህነት የመጡ አይደሉም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕፃናትን በጾም አታስገድድም።

በሜልበርን ከ5,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተው ኸልዝነትስ የተሰኘ ጥናትም ከዚሁ ጋር ይስማማል። እንቁላል ዘግይተው የጀመሩ ሕፃናት በእንቁላል አለርጂ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዛሬ የአውስትራሊያ ምክር የበሰለ እንቁላልና የኦቾሎኒ ቅቤ ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው እንዲጀመሩ ነው፤ ጠንካራ የቆዳ ችግር ያለበት ሕፃን ግን አስቀድሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ስለዚህ ወጉን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ማንኪያው የሚዞርበትን አቅጣጫ ማስተካከል ይበቃል። ቅቤው፣ ገንፎውና አጥሚቱ ለእናቲቱ ይሁኑ፤ የሕፃኑን ምግብ የምታዘጋጀው እርሷ ናትና። ማጥባት ላልቻለች እናትም ምትኩ ለጨቅላ ተብሎ የተዘጋጀ ወተት እንጂ ቅቤ ወይም አጥሚት አይደለም። ስድስት ወር ሲሞላ ደግሞ የአያት እጅ ይፈለጋል፤ ገንፎውን በእንቁላልና በምስር ማበልጸግ ማን እንደ እርሳቸው ያውቃል?

የጤና ባለሙያዎችም ድርሻ አለባቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መሄድ ጓዳውን ለያዙት አያት ምንም አይነግራቸውም። «ለልጅዎ ምን አዘጋጁላት?» ብሎ በአስተርጓሚም ቢሆን በአክብሮት የጠየቀ ባለሙያ፣ ስለ ሕፃኑም የሚሰማው ያገኛል።