በሽታውን የሚደብቅ ሻጭ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምረን ሰምተነዋል፤ በአማርኛ ክፍለ ጊዜም ፍቺውን ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ነገር ግን አምና ከአንድ ጓደኛችን ጋራ ሆነን በመገናኛና በገርጂ መካከል ወረቀት ተሸክመን ስንመላለስ ከርመን፥ ምሳሌው የማይሠራበት ቦታ በከተማችን እንዳለ ተማርን። ቦታውም የቤት ገበያ ነው። እዚያ በሽታውን የተናገረ ሰው የመድኃኒቱን መግዣ ያጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኝታ ክፍላችን ባልደረባ የሆነ አንድ ተማሪ አለ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። አባቱ በአንድ የግል ድርጅት የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ያህል በመፍቻና በዘይት መካከል የኖሩ፥ ታመምኩ ማለትን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። በጥቅምት ወር እግራቸው አብጦ፥ ትንፋሻቸው አጥሮ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ፥ ኩላሊታቸው ሥራውን ማቆሙና በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት እንደሚያስፈልጋቸው ተነገራቸው። አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሒሳቡም በየጊዜው በእጅ ይከፈላል። ቤተሰቡ ያለውን ቆጥሮ ቢያየው ለሁለት ወር እንኳ የማይዘልቅ ሆነ። ስለዚህ ሦስቱን ቀን ሁለት አደረጉት። ሐኪም ያላዘዘውን ኪስ አዘዘ።

ወደ ሥራው እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለታመመ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፥ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፥ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ልብ በሉ፤ የሕክምናው ወጪ በየሳምንቱ ያው ነው፥ ደመወዙ ግን በሁለተኛው ወር ይከፈላል፥ በአራተኛው ይጠፋል። አሠሪው ሕጉን አልጣሰም፤ እንዲያውም ጓደኞቻቸው አዋጥተው አንድ ጊዜ ደርሰውላቸዋል። በሚያዝያ ግን የስንብት ደብዳቤ መጣ። አባትዮው ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ደግ ነው፥ ከእንግዲህ ለፈቃድ ወረቀት አልሰለፍም» አሉ።

እንግዲህ የቀረው ቤቱ ነበር። ቤቱ ገርጂ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ሲሠራ ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር የእህልና የግጦሽ መሬት እንደነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። በደርግ ዘመን የቤት ሠሪ ማኅበራት በአካባቢው ሠፈሩ፤ የጓደኛችን አያትም በማኅበር ተደራጅተው ሠሩ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የከተማው የመጀመሪያዎቹ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች እዚያው ገርጂ ተተከሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሰሚት፥ ጎሮ፥ ሲኤምሲ፥ አያት ሁሉ ከተማ ሆኑ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች መመላለስ ጀመረ። ስለዚህ «ገርጂ ቤት አለን» ያለ ቤተሰብ «ባንክ ገንዘብ አለን» ያለ ያህል ይሰማዋል። ጓደኛችንም በመጀመሪያው ምሽት ያለን ይህን ነው፤ «ቤቱ ይሸጣል፥ አባባም ይታከማሉ» አለን። እኛም ተጽናንተን ተኛን።

ያ መጽናናት ስሕተት ነበር። ቤትና ገንዘብ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው የወረቀት ወንዝ አለ።

አንደኛ፥ ካርታው በአያትዮው ስም ነው። አያት ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ስሙን ግን ማንም አላዛወረውም። «የገዛ ቤታችን ነው፥ ማን ይጠይቀናል» ተብሎ ተተወ። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ግድ ሆነ። ሁለተኛ፥ ሌላዋ ወራሽ የአባትዮው እኅት ናቸው፤ የሚኖሩትም ዋሽንግተን ነው። ውክልናው በዚያ ባለው ኤምባሲያችን ተረጋግጦ፥ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታይቶ፥ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ከሁለት ወር በኋላ ሲደርስ፥ በስማቸው ውስጥ ያለው አንዱ ፊደል በፍርድ ቤቱ ወረቀት በጸሎቱ ጸ፥ በውክልናው በፀሐዩ ፀ ተጽፏልና ይስተካከል ተባለ። ሦስተኛ፥ መሬቱ እንደገና ሲለካ ከካርታው አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር በልጦ ተገኘ፤ ትርፉ እስኪጣራ ማኅደሩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሄደ፥ በመንገዱም ለአምስት ሳምንት ጠፋ። የጽሕፈት ቤቱን ስም አንጠራም፤ አንባቢያችን የሚያውቀውን አንዱን ቢተካበት ታሪኩ አይበላሽም። «ነገ ተመለሱ»፤ «ባለሙያው ስብሰባ ላይ ናቸው»፤ «ሲስተም የለም»። እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ መስኮት ሰምተናል።

ማኅተም ጠላታችን ነው አንልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት እንዲመዘገብ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ባይሆን አንዱን ቤት ለሦስት ሰው የሚሸጥ አጭበርባሪ ከተማውን በሞላው ነበር። የመሬቱም ጉዳይ አለ። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም ብሏል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ መሬቱ በገዢው ስም ወደ ሊዝ እንዲገባ አዟል። ገዢ ይህን ሁሉ አስልቶ ከዋጋው ይቀንሳል። ይህም ቢሆን የሕግ ሥርዐት ነው፤ እንቀበለዋለን። የማንቀበለው አንድ ነገር ነው፤ ለጤነኛው ሻጭና በሳምንት ሁለት ቀን ደሙ በመኪና ለሚታጠበው ሻጭ መስኮቱ አንድ ዐይነት ዝግታ ያለው መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ደላላው እንምጣ። ከሻጭም ከገዢም ሁለት ሁለት በመቶ የሚቀበል፥ ትሑት፥ ጫማው የተወለወለ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ቡና ቀርቦለት ግቢውን ዞሮ አየና «ለምን ትሸጣላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። የጓደኛችን እናት «ልጆቹ ጋ ልንጠጋ ብለን ነው» አሉ። ሲወጣ ለልጃቸው በቀስታ የነገሩትን አንረሳውም፤ «መታመማቸው ከተሰማ ግማሽ ዋጋ ነው የሚሰጡን፤ ለጎረቤትም እንዳትናገሩ»። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽታው ምሥጢር ሆነ። አባትዮው ከእጥበት ሲመለሱ የክንዳቸው ፋሻ እንዳይታይ በሙቀት ኮት ለበሱ። ጎረቤት ሲጠይቅ «ለሥራ ወጥተዋል» ይባላል። ጎረቤት ካላወቀ አይጠይቅም፤ ካልጠየቀም አያዋጣም። ቤተሰቡ የቤቱን ዋጋ ለማዳን ብሎ የሰዉን እጅ አጣ።

እንዲህም ሆኖ ምሥጢሩ አልተጠበቀም። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ወረቀቱ ሳያልቅ ቀብድ ተቀበሉ፤ ወረቀቱንም በሁለት ወር ውስጥ እናስረክባለን ብለው ፈረሙ። ሕጉ እንደሚለው ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው አጠፌታውን ይመልሳል። ሁለቱ ወር ሞላ፤ ማኅደሩ አልተገኘም፤ ቀብዱም በእጥበት አልቋል። ገዢው መጥቶ «አጠፌታውን እተውላችኋለሁ፥ ከዋጋው ግን ከአምስት አንድ እጅ ይቀነስ» አለ። ከመካከላችን የሕግ ተማሪ የሆነው ባልደረባችን ያልተመዘገበ ውል ፍርድ ቤት ፊት እንደማይጸና ሊያስረዳ ተነሣ። አባትዮው ሰምተውት ሲያበቁ «ልጄ፥ ልክ ነህ፤ እኔ ግን ለክርክር የሚሆን ቀጠሮ የለኝም» አሉት። ቤቱ በሰኔ ተሸጠ። ዛሬ ቤተሰቡ ከሰሚት ወዲያ ተከራይቶ ይኖራል፤ አባትዮውም እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አሉ።

«ጥፋቱ የራሳቸው ነው፥ አሥራ ሁለት ዓመት ስሙን ሳያዛውሩ ለምን ተኙ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት አለው፤ እነሱም አይክዱም። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ቢሆን እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሰው ታሞ ለመዳን የግድ ቤቱን መሸጥ ይኖርበታልን? እኛ ቤትን እንደ መድን ይዘነዋል። ነገር ግን ይህ መድን የሚከፍለው ዘግይቶ ነው፤ ቸኮልክ ብሎም ከሒሳቡ ይቆርጣል፤ ከከፈለም በኋላ ቤተሰቡን ሜዳ ላይ ይጥላል። ቤት የሌለውማ፥ ማለት ከእኛ የሚበልጠው ቁጥር፥ ይህም የለውም።

በዚያው ሰፈር እድር አለ። ድንኳን አለው፥ ወንበር አለው፥ ትልልቅ ድስት አለው። አባትዮው ሃያ ዓመት ሳያቋርጡ ከፍለዋል። ሞተው ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በማግሥቱ ይቆጠር ነበር። በሕይወት ለመቆየት ሲታገሉ ግን መተዳደሪያ ደንቡ የሚሰጣቸው አንድ ሳንቲም አልነበረውም። እድርን ለመንቀፍ አንደፍርም፤ መንግሥት ባልነበረበት ቦታ ድሃው ራሱ ያቆመው መንግሥት ነው። ግን እንጠይቅ፤ ለቀብሩ በየወሩ የምናዋጣለትን ሰው፥ ለሕክምናው ብናዋጣለት ምን ይከለክለናል?

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በጀርመን አገር በ1883 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ ሠራተኛው ሁለት እጅ፥ አሠሪው አንድ እጅ እያዋጡ የታመመ ይታከም ነበር፤ እስከ 13 ሳምንትም ግማሽ ደመወዝ ከዚያው ሣጥን ይሰጠው ነበር። በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690 ተደንግጎ ነበር፤ ደመወዝተኛው ሦስት በመቶ፥ አሠሪውም ሦስት በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ፥ ሥራ ላይ ሳይውል ዓመታት አለፉ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበረሰብ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ሌሎች ተስፋፋ፤ ይህኛው ግን የተሰናዳው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ነው። በእነዚያ ዓመታት እንደ አባትዮው ያለው የወር ደመወዝተኛ በሁለቱ መካከል ወደቀ። መድን ሁሉን ሕክምና በአንድ ጊዜ ይሸፍናል ብለን ራሳችንን አናታልልም፤ የኩላሊት እጥበትን የመሰለ ዘለቄታ ያለው ሕክምና ለድሃ አገር ሣጥን ከባድ ሸክም ነው። ሆኖም ሸክሙን ዛሬ የተሸከመው አንድ ቤተሰብ ብቻውን ነው፤ ከዚህ የከበደ አከፋፈል ሊኖር አይችልም።

እኛስ ተማሪዎቹ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ የወላጆቻችንን ካርታ፥ የወራሽነት ወረቀትና የስም አጻጻፍ እንመርምር፤ ሁሉም ጤነኛ ሳለ የሚስተካከል ፊደል ዋጋው የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሕግ ተማሪዎች ለሰፈር ሰው ማመልከቻ የሚጽፉበትንና የሚያስረዱበትን አንድ ጠረጴዛ ይዘርጋ፤ የዚያኑ ያህል ደግሞ በየእድሩ ስብሰባ ተገኝተን ለታማሚ የሚሆን ትንሽ መደብ እንዲከፈት አሳብ እናቅርብ። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ያ «ነገ ተመለሱ» ያለን ወጣት ከሦስት ዓመት በፊት እንደ እኛው ተማሪ ነበር። ነገ ከመስኮቱ ወዲያ የምንቀመጠው እኛው ነን። የታመመ ሰው ማኅደር ከሌላው ቀድሞ እንዲታይ የሚያዝ አንድ መስመር በአሠራር መመሪያ ውስጥ ለማስገባት አዋጅ አያስፈልግም፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው መፈለጉ ይበቃል።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ከአባትዮው ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ኪራይ ቤታቸው ሄድን። ከእጥበት ገና ተመልሰው ፋሻቸው ሳይሸፈን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አዲሱ ጎረቤትም አጠገባቸው ሆኖ ሽንብራ እየፈለፈለ ያጫውታቸዋል። ነገሩን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «ስሜን ተዉት እንጂ ጻፉት። ደብቀን ያተረፍነው ነገር የለም» አሉን።