የትንሽ ከተማ እንደራሴና የነጋዴው ድርሻ

የነጋዴው ማኅበርና ሕግ አውጪው ጉባኤ በአማርኛ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ሁለቱም ምክር ቤት ይባላሉ። በሁለቱም ቤት የሚቀመጠው ሰው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ላኪዎቹ ለመናገር የገባ ነው። እንደራሴ የሚለውም ቃል ይህንኑ ያስረዳል፤ መራጩ «እንደ ራሴ ሆነህ ተናገርልኝ» ብሎ የሚልከው ሰው ማለት ነው።

ይህ አሳብ ለጉራጌ አገር እንግዳ አይደለም። ፓርላማ የሚባለው ስም ከመታወቁ አስቀድሞ በሰባት ቤት የየጆካ ሸንጎ፣ በክስታኔ ደግሞ የጎርደና ሴራ ነበረ። ሽማግሎች ተቀምጠው ነገሩን ከሥሩ ይመረምራሉ፤ ባለጉዳዩም አቤቱታውን ራሱ ያስረዳል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን በቀጥታ እንዲመርጥ በፈቀደ ጊዜ ለአገሩ አዲስ የሆነው የምርጫው ሥርዓት እንጂ ምክሩ አልነበረም።

ከእነዚያ ዘመን እንደራሴዎች መካከል የአቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ሕይወት ለነጋዴው ብዙ ትምህርት አለው። አቶ ግርማ በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በወታደርነት፣ ቀጥሎም በአቪዬሽን ሥራ ካገለገሉ በኋላ በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገብተው ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ቤቱን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ኢምፔክስ በተባለው የአስመጪና የላኪ ድርጅትም በሥራ አስኪያጅነት ስለ ሠሩ የዕቃን መግዣና መሸጫ በወሬ ሳይሆን በሥራ ያውቁት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ግን የኋለኛው ዘመናቸው ነው። በ1992 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 75 ዓመት ሆኖ ሳለ፣ የማንም ፓርቲ አባል ሳይሆኑ በግል ተወዳድረው የበቾን ሕዝብ ወክለው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። በቾ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ፣ በጤፉ የታወቀ አገር ነው። በ1994 ዓ.ም. ርዕሰ ብሔር ሆነው ተመርጠው እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ አገልግለዋል፤ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. አርፈዋል። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በቤተ መንግሥቱ ነው። ለነጋዴው ግን የበቾ ወንበራቸው ይበልጥ ያስተምራል፤ አንድ ጊዜ ጉባኤውን የመራ ሰው ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ ተመልሶ በወረዳ ሕዝብ ፊት «ላኩኝ» ብሎ መቆሙ እንደራሴነት ሹመት ሳይሆን አደራ መሆኑን ያሳያል።

በዛሬው ጊዜ በወልቂጤና በቡታጅራ ያለው ባለሱቅ ስለ ክልሉ ምክር ቤት ምን አገባኝ የሚል ከሆነ ሕገ መንግሥቱን ይመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 96 በአስመጪና በላኪ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥና ግብር ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በአንቀጽ 97 ደግሞ በክልሉ ውስጥ በግል የሚነግዱ ሰዎች የሚከፍሉትን የትርፍና የሽያጭ ግብር ለክልሉ ትቷል። ስለዚህ አስመጪው የሚያየው ወደ አዲስ አበባ ሲሆን፣ በርበሬ፣ ቆጮ ወይም ቡና የሚሸጠው የገበያ ነጋዴ ግብር የሚወሰነው በክልሉ ጉባኤ ነው።

ያም ጉባኤ ከቀድሞው ይልቅ ቀርቧል። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ የጉራጌ ነጋዴ ጉዳይ ሐዋሳ ድረስ ይሄድ ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ርዕሰ ከተማው ሆሳዕና ሆነ፤ ቡታጅራም እንደ ወልቂጤ የዞን መቀመጫ ለመሆን በቃች። ነገር ግን የመንገድ ማጠር ብቻውን ጆሮን አያቀርብም።

አንድ እንደራሴ በብዙ ድምፅ መካከል ምን ሊያደርግ ይችላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ባዶ እጁን የሄደ እንደራሴ ተቀምጦ ከመመለስ በቀር የሚያደርገው የለም። ነገር ግን በክረምት ጭቃ ምክንያት ከማረቆ ወደ ቡታጅራ ገበያ ስንት ኩንታል በርበሬ ሳይደርስ እንደ ቀረ፣ የጭነት ኪራዩ በበጋና በክረምት ስንት እንደ ሆነ፣ በአንድ ዕቃ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈለ በቀንና በቁጥር የተጻፈ ወረቀት ይዞ ቢቀርብ ቃሉ ክብደት ይኖረዋል። ይህን ወረቀት ማዘጋጀት የእንደራሴው ሳይሆን የነጋዴው ሥራ ነው። መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ሁሉ ሊያደርገው ይችላል።

እንግዲህ የየከተማው ነጋዴ ሦስት ነገር ሊፈጽም ይገባዋል። አንደኛ፣ በየዓመቱ በጀት ከመጽደቁ በፊት ጉዳዩን በጽሑፍ አዘጋጅቶ በምክር ቤቱ በኩል ለእንደራሴው ያስረክብ። ሁለተኛ፣ ጉባኤው ሲፈጸም እንደራሴውን ጠርቶ የተናገረውንና ያስፈጸመውን በአደባባይ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ እጅ መንሻ ይዞ ወደ ቤቱ አይሂድ፤ በስጦታ የተገዛ ምላስ ነገ ለሚበልጥ ሰጪ ይናገራልና። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ተገዢነት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል፤ በአንቀጽ 12ም ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ለማንሣት እንደሚችል ደንግጓል።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንደሚባለው፣ እንደራሴው የሚናገረው የላከው ሰው የነገረውን ያህል ነው። መልካም እንደራሴ የሚፈልግ ከተማ አስቀድሞ መልካም ላኪ ሊሆን ይገባዋል።