ባለሜዳው ሜዳ የለውም

በዚህ ጋዜጣ ላይ የእግር ኳስ ነገር ሲነሣ ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። «የመሬቱ፣ የማዳበሪያው፣ የሰላሙ ነገር ሳያልቅ ስለ ኳስ ይጻፋልን?» ይላሉ። መልሴ አጭር ነው። ስለ ኳስ የምጽፈው ማዳበሪያውን ስለ ረሳሁ አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ ኪስ የሚከፈሉ ስለ ሆነ ነው። ኪሱ የማን እንደ ሆነ ከታች እመጣበታለሁ።

በ2015 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም ጊዜ ለጥቂት ቀን ወደ አገሬ ወደ ቡሬ ወርጄ ነበር። በገበያ ቀን ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄድኩና የመመለሻ መኪና እስኪሞላ ድረስ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። ቤቱ እንደምታውቁት ያለ ነው፤ የቆርቆሮ ክዳን፣ ረጃጅም አግዳሚ፣ በሩ ላይ የሳምንቱ ጨዋታ በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ። በሰሌዳው ላይ አርሴናል አለ፤ ማንቸስተር አለ፤ ሊቨርፑል አለ። የእኛው ሊግ አልተጻፈም። ቴሌቪዥኑ ባዶውን ከሚቆም ተብሎ ግን ባሕር ዳር ከነማ ሲጫወት ይታያል። አጠገቤ ጋቢያቸውን የተከናነቡ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ፣ በቋሪት በኩል የመጡ አንድ ገበሬ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ይኸ የእኛ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፤ የባሕር ዳር ነው።»

በዚህ መካከል ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰው «ባለሜዳዎቹ ባሕር ዳሮች» አለ። ሽማግሌው ሰሙት።

«ባለሜዳ ማለት ቤቱ የሆነ ማለት አይደለም?»

«ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ባሕር ዳር ነው ያሉት?»

«አይደለም አባባ፤ ያሉትስ አዳማ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱና «ታዲያ ባለሜዳው ሜዳ የለውማ!» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ቡሬ ስመለስ ግን ነገሩን ባወጣው ባወርደው የሚያሥቅ አልሆነልኝም።

ልብ በሉ፤ ሽማግሌው የኳስ ሕግ አያውቁም። አንድ ቃል ትርጉሙን ሲያጣ ግን ወዲያው ያውቃሉ። እኛ ሠንጠረዥ የምናሰላው፣ የጎል ክፍያ የምንቆጥረው፣ ተማርን የምንለው፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ «ባለሜዳ» የሚባለው ቡድን በሰው ሜዳ ሲጫወት እያየን አንድ ቀን እንኳ አልደነቀንም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ፕሪሚየር ሊግ የሚለውን ስም ይዞ የተደራጀው በ1990 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ዋንጫው ከአዲስ አበባ የወጣበት ጊዜ ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ወሰደው፤ በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ወሰደው፤ የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ሳያልቅ ተሰረዘ፤ በ2013 ዋንጫው ጎንደር ገባ፤ ፋሲል ከነማ። በአራት ዓመት ውስጥ ጅማ፣ መቐለና ጎንደር! ዋንጫው ወደ አገሩ ሕዝብ መውጣት በጀመረበት በዚያው ዘመን ነው እንግዲህ ጨዋታው ከአገሩ ሕዝብ ላይ የተነሣው።

ባሕር ዳር ከነማ ከፍተኛውን ሊግ የተቀላቀለው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የማይረሳ የጎጃም ልጅ አለ ለማለት ያስቸግረኛል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቡሬ ትንሽ ያጥራል። ጨዋታ ባለበት ቀን ሌሊት ተነሥተን፣ ገንዘብ አዋጥተን፣ በአንድ ሚኒባስ ከልክ በላይ ታጭቀን በቲሊሊ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርገን እንሄድ ነበር። ከመካከላችን ባሕር ዳርን ከዚያ በፊት አይቶ የማያውቅ ነበረ። ጣናን ያየው ኳስ ሊያይ ሄዶ ነው። አንዱ የሠፈራችን ልጅ በቆሎ ሸጦ ለደብተር የተሰጠውን ብር ለመኪና ከፍሎ መጥቶ ነበር፤ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደ ጠበቀው አልነግራችሁም። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አልቋል።

ያ ዘመን ገነት ነበረ አልልም። ስድብ ነበር፤ ድንጋይ ነበር፤ ከሁሉም የከፋው የክልል ጠብ ወደ ሜዳ ገብቶ የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዱ በሌላው ከተማ ለመጫወት የሚፈሩበት ጊዜ መጥቶ ነበር። ይህን የማይናገር ሰው ስለ ሊጉ ባይጽፍ ይሻላል።

በ2013 አዲስ ሥርዓት ታወጀ። የቴሌቪዥን መብቱ ለአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር በተባለ ውል ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። ክለቦቹም ሁሉ በአንድነት ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዙ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬ ዳዋ፣ ሐዋሳ። ለመጀመሪያው ዓመት ምክንያቱ ወረርሽኙ ነበር፤ ይገባል። ወረርሽኙ ሄደ፤ ሥርዓቱ ቀረ። በ2015 በሊጉ 16 ክለቦች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ጊዜ ሲገናኝ 240 ጨዋታ ይሆናል። 240ው ጨዋታ በባሕር ዳር፣ በድሬ ዳዋ፣ በአዳማና በሐዋሳ ተደለደለ። ለባሕር ዳር የደረሳት የመክፈቻው ጥቂት ሳምንት ነው። በዚያው ዓመት ባሕር ዳር ከነማ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ እስከዚያ ድረስ ያላየውን ደረጃ አየ። ከዓመቱ የሚበልጠውን ጊዜ ግን ደጋፊው በሌለበት ተጫወተ። «ከነማ» የሚለው ስም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከማለት ያጠረ ነው። ነዋሪዎቹ የታሉ?

የዚህ ሥርዓት ጠበቆች ሦስት ነገር ያቀርባሉ። አንደኛው ጸጥታ ነው። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ የጎንደር ልጅ መቐለን፣ የመቐለ ልጅ ባሕር ዳርን በኳስ ምክንያት እንኳ ማየት ካልቻለ በምን ምክንያት ሊተያይ ነው? ጠቡ የመጣው ከሜዳ አይደለም፤ ከላይ ነው የወረደው። በ2013 የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ከሊጉ ሲወጡ ሜዳዎቹ አስቀድመው ጸጥ ብለው ነበር። የሜዳው ጸጥታ ጦርነቱን አላስቀረም።

ሁለተኛው ወጪ ነው። ቡድን ሁሉ ለወራት ከቤቱ ርቆ ሆቴል ሲያድር፣ ሲበላ፣ ሲጠጣ የሚወጣው ብር ወጪ ካልተባለ በርግጥ ርካሽ ነው። ሦስተኛው ካሜራው ነው። ለካሜራ አራት ሜዳ ይበቃል፤ ለተመልካች አይበቃም። ካሜራው ትኬት አይቆርጥም፤ ቆሎ አይገዛም፤ የሊስትሮውን ልጅ ጫማ ጥረግልኝ አይለውም።

አሁን ወደ ኪሱ ልምጣ። ከጥቂቶቹ በቀር የሊጉ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልል ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በ2011 መጨረሻ ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፤ እንዲህ ያለ ስምምነት ያስፈለገው ደመወዙ ከዚያ በላይ ወጥቶ ስለ ነበረ ነው። ይህ ብር ከሰማይ አይወርድም። የክልል ግምጃ ቤት የሚሞላው ከጃቢ ጠህናን በቆሎ፣ ከቡሬና ከወምበርማ በርበሬ፣ ከሱቁ ግብርና ከመሬቱ ግብር ጭምር ነው። ባላገሩ ለክለቡ ይከፍላል፤ ክለቡን ለማየት ደግሞ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ እንደ ገና ይከፍላል። ያን ክረምት ይኸው ባላገር ማዳበሪያ አጥቶ በየከተማው አደባባይ ወጥቶ ሲጮኽ ሰንብቷል። በደህናው ዘመን ባላገሩ ከመንግሥት ገንዘብ በዐይኑ የሚያየው ነገር ቢኖር አንዱ ያ የእሑድ ጨዋታ ነበር። እርሱም ተወሰደበት።

ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። መንገድ ተዘጋ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያው በነሐሴ ወር ባሕር ዳር ከነማ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጥሎ አለፈ። የባለሜዳነቱን ጨዋታ ያደረገው አዲስ አበባ ነው። የጎጃም ሕዝብ በቡድኑ ታሪክ ትልቁን ድል የሰማው ሲቆይ፣ በወሬ ነው፤ አንዳንዱም ሐዘን ላይ ተቀምጦ ነው የሰማው። እኔ ለማዘንም ለመደሰትም አፍሬ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። በ2016 እና በ2017 ሊጉ ወደ ባሕር ዳር ዝር አላለም፤ በአዳማ፣ በድሬ ዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሁለተኛውን ኢትዮጵያ መድን ወሰደ፤ ባንክና መድን። በሥራቸው ቂም የለኝም፤ ደጋፊ የማያስፈልገው ሊግ ደጋፊ የማያስፈልገውን ክለብ ማንገሡ ግን አያስደንቅም።

ብሔራዊ ቡድኑም በዚሁ መንገድ ሄዷል። መጋቢት 15 ቀን 2013 በባሕር ዳር ስታዲየም ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፈ። ያ የሚፎከርበት ሜዳ ዓመት ሳይሞላው ደረጃውን አያሟላም ተብሎ ታገደና ከጋና ጋር «በሜዳችን» የተጫወትነው ጆሃንስበርግ፣ በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ ነው። የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ፣ በ1954 ዓ.ም. በገዛ ሜዳዋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣች አገር በእንግድነት ባለሜዳ ሆነች። የቋሪቱ ሽማግሌ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

እኛስ? በመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ የማን ሥዕል ነው የተለጠፈው? ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን አዳራሻችን ስለ ለንደን ክለቦች እስከ ድብድብ የሚደርሰው ሰው ሁሉ የሊጋችንን መሪ ቢጠየቅ ሦስቱ አይመልሱም፤ ሞክሬዋለሁ። አርሴናልን መውደድ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን እንግሊዞች ከሚቀኑበት ነገር ሁሉ መርጠን የወሰድነው ማልያቸውን ብቻ ነው፤ የትንሿ ከተማቸው ክለብ በትንሿ ከተማቸው ውስጥ መጫወቱን አልወሰድንም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰላም ባለበት ከተማ ሁሉ ክለብ በሜዳው ይጫወት። ሰላም በሌለበት፣ ሰላም በሆነ ማግሥት የመጀመሪያው ጨዋታ ለዚያ ከተማ ይሰጥ። ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ዞን ከተማ አንድ ደኅና ሜዳ የሚሠራበት ይከፈል፤ ስታዲየም አላልኩም፤ የተደለደለ መሬት፣ ሁለት ጎል፣ ውሃ የማይተኛበት። የቡሬ ልጆች ከአጨዳ በኋላ በገለባው ማሳ ላይ ይጫወታሉ፤ ሰኔ ሲገባ መሬቱ ይታረሳል፤ ኳሱም ቤት ይገባል። የማንኩሳም፣ የጅጋም፣ የደንበጫም ልጆች እንዲሁ ናቸው።

ይህን ጥያቄ በሚመጣው የኅብረታችን ጉባኤ ላይ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ስብሰባው አርሴናል በሚጫወትበት ሰዓት እንዳይሆን ሊቀመንበሩን አስቀድሜ ለምኜአለሁ።